ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ

የቁስቋም በዓል ኅዳር 6 ቀን ይውላል። መስከረም 26 የገባው ጾመ ጽጌ ኅዳር 5 ሲፈታ፣ በእንጦጦ ግርጌ ያለው የጉለሌው ቁስቋም ሰፈር በስሙ የሚጠራበትን በዓል ያከብራል። ይህ ቀን አይነቃነቅም፤ ሒሳብም አይሻም። ነነዌ፣ ሆሳዕናና ትንሣኤ ግን በየዓመቱ ይዘዋወራሉ።

የእነሱ ስሌት ባሕረ ሐሳብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። እጅግ የሚያስደንቀው አበጃጀቱ ነው፦ ሊቃውንቱ ለእያንዳንዱ እርምጃ ስም አውጥተዋል፤ ያንዱ ውጤት ለቀጣዩ መነሻ ይሆናል፤ ተማሪው ሕጉን አንዴ ካጠና በየዓመቱ የሚያስገባው ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው።

2018 ዓ.ም. ይታይ። 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ተቀንሶ ወንበሩ 12 ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (በ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሙላታቸው የስሌቱ ማረጋገጫ ነው። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 ላይ ሲጨመር መባጃ ሐመር 25። ነነዌ ጥር 25 ገባች ማለት ነው። ትንሣኤ ነነዌ ከገባች ከ69 ቀን በኋላ ስለሚውል በዓሉ ሚያዝያ 4 ዋለ።

ይህን በስም የተያያዘ ስሌት በኮምፒውተር ሠንጠረዥም መሥራት ይቻላል። ኦቶ ኖይገባወር ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 በቪየና ታተመ። በዚያው ዓመት የዳን ብሪክሊንና የቦብ ፍራንክስተን የሠንጠረዥ ፕሮግራም ቪዚካልክ ለገበያ ቀረበ፤ የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ዘመንም ተከፈተ። ይሁንና የራሱን ፋንክሽን የፈለገ ሰው ለብዙ ዓመታት ፕሮግራም መጻፍ ነበረበት፤ ያን ካላወቀ ረጅሙን ፎርሙላ ከሴል ሴል ይገለብጣል። ማይክሮሶፍት ይህን የሚያስቀረውን ላምዳ የተባለ ፋንክሽን በኤክሴል ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነው፤ ጉግል ሺትስም በ2022 ተመሳሳዩን አመጣ። አሁን ተጠቃሚው ፎርሙላውን በፎርሙላ ቋንቋ ጽፎ ስም ይሰጠዋል፤ ከዚያ በስሙ እየጠራ ይሠራበታል። ለባሕረ ሐሳብ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ መሣሪያ የለም፦ የወንበር ፋንክሽን ዓመቱን ይቀበላል፣ የአበቅቴና የመጥቅዕ ፋንክሽኖች እሱን ይጠሩታል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ከክፍያው ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ነው። 2024 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነው፤ 7524 ለ19 እኩል ይካፈላል። ቸልተኛ ፎርሙላ ወንበሩን ከዜሮ በታች አንድ ያደርገዋል፤ የሊቃውንቱ ሕግ ግን 18 ይላል። በቀጣዩ ዓመት ወንበሩ አልቦ ይሆናል፤ መጥቅዑ 30 ተብሎ ይያዛል። ስም በተሰጠው ፋንክሽን እነዚህ ሁለት ሕጎች አንድ ቦታ ብቻ ይጻፋሉ፤ ፋንክሽኑን የሚጠሩ ሴሎችም ሁሉ አብረው ይታረማሉ።