የቆጡ ሀብት፦ ዶሮና የጉና ሥር ጎጆ

የደብረ ታቦር ታሪክ ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ኅሊናችን የሚመጣው የየጁ መሳፍንት ግቢ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማና በጋፋት የተሠራው «ሴባስቶፖል» መድፍ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ምሉዕ ግን አይደለም። መሳፍንቱን የመገበው፣ መድፉን ዳገት ቁልቁለት የጎተተው ሠፊ ሕዝብ ራሱ በምን ይኖር ነበር? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሻ ሰው ከግቢው ወጥቶ ወደ ገበሬው ጎጆ መግባት፣ ከጎጆውም ውስጥ ቀና ብሎ ቆጡን ማየት አለበት።

ዶሮ ለሀገራችን የትናንት እንግዳ አይደለችም። የዘር ምንጯ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ቢሆንም፣ በትግራይ መዝብር በተባለው ቅድመ አክሱማዊ ሥፍራ በቁፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከ2500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸውና በአፍሪካ ከታወቁት ጥንታውያን መካከል የሚቆጠሩ ናቸው።

ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ሥር፣ በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት፣ የዶሮ አያያዝ ከጥንቱ ብዙም አልራቀም። ሌሊት ብርዱንና ሸለምጥማጡን ሸሽታ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር በቆጥ ታድራለች። ሲነጋ ወጥታ ከዐውድማ የወደቀውን ገብስ፣ ከጓሮ ትሉን፣ ከደጅ ትርፍራፊውን ስትለቅም ትውላለች። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው። ጥቂት ነው፤ ሆኖም የሚገዛላት መኖ የለም። ባለቤቲቱ እንቁላሉን መርጣ ጭድ በተነጠፈበት ገል ታስታቅፋታለች፤ በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ። ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዝግርማ፣ ቴተር እያለ ሕዝቡ ለላባው መልክ ሁሉ ስም ማውጣቱም የረዥም ዘመን ትውውቅ ምስክር ነው።

በጎጆው ውስጥ በሬውና የጎተራው እህል በአብዛኛው በባልየው ትእዛዝ ሥር ሲሆኑ፣ ዶሮና እንቁላል ግን የሚስቲቱ ናቸው። ጨውና ቡናው፣ የልጅ ደብተርና እርሳሱ የሚገዛው በዚሁ ገንዘብ ነው። ዶሮዎቹ ሲበረክቱ በግ፣ በጎቹ ሲበረክቱ ጊደር ይገዛል። ነገር ግን ገበያው የጾምና የፍስክ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ዋጋው ይወድቃል፤ ለፋሲካ ይሰቀላል። ችግሯ እስከ ፋሲካ የማይታገሥላት ሴት በርካሽ ትሸጣለች።

ይህች ትንሽ ሀብት ከገዥዎች ዐይን አልተሰወረችም። በቀድሞው ሥርዓት በገባሩ ቤት የተመራ ወታደር በገባሩ ይቀለብ፣ ለመንገደኛ ሹምና እንግዳ ከሚቀርበው ድርጎ ውስጥም ዶሮና እንቁላል ይገኝበት ነበር። በ1859 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት የበጌምድርን መንደሮች ዘረፈ፤ በ1860 ዓ.ም. መግቢያም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ አመሩ። ጎተራው ለተራቆተ፣ በሬው ለተነዳበት ጎጆ ኑሮን እንደገና ለመጀመር ከአንዲት ቄብ ዶሮ ያነሰ መነሻ ከየት ይገኛል? ጭሰኝነትን በሕግ ያስቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ሹሙ ቢቀር ፈንግል አልቀረም። ይህ በሽታ በገባበት መንደር ቆጡ በጥቂት ቀናት ባዶ ይሆናል፤ የሴቲቱም የዓመት ተስፋ አብሮ ይሄዳል። ክትባት ግን አለው። በሌላ በኩል ከሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እንደ ሌግሆርን ያሉ የፈረንጅ ዶሮዎች ወደ ሀገራችን ገብተዋል። በደንብ ከተያዙ በዓመት ከ200 በላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ነገር ግን መኖና ብርቱ ጥበቃ ይሻሉ፣ ሌግሆርንም የመታቀፍ ጠባይ እምብዛም የላትም። ስለዚህ ለደሀዋ ሴት በቅድሚያ የሚበጃት የለመደችው ዶሮ ከፈንግል መዳኗ፣ ጫጩቶቿም ከሞት መትረፋቸው ነው። አዲሱ ዘር በዚህ ላይ ሲጨመር ይጠቅማል፤ ነባሩን አጥፍቶ ሲገባ ግን አባቶቻችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ያሉት ይደርሳል።

የመድፉ ታሪክ ተጽፏል፤ የቆጡም ይጻፍ።