ደቦና ፉክክር በመንዝ ደጋ



ስለ ደቦ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚነገረው ስለ ፍቅርና ስለ መረዳዳት ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ብዙም የማይወራለትን ሌላውን ገጽታውን፣ ፉክክሩን ነው። ከዘመሮ ዙሪያ እስከ ጌራ ምድር ባለው ደጋ የደቦ ሰው ማሳ ላይ የሚተጋው ወዳጁን ለመርዳት ብቻ ሳይሆን ሌላውን ወገን ለመብለጥም ነበር።

የመንዝ ገበሬ ገብሱ ከደረሰ በኋላ የሚፈራው በረዶንና ያለ ወቅቱ የሚመጣ ዝናብን ነው። ስለዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ጉልበት ያስፈልገዋል። በወንፈል ብድር አለ፤ የተረዳ ሰው በቀኑ ልክ ይመልሳል፤ ቀኑም ይቈጠራል። በደቦ ግን ጠሪው የሚያቀርበው እንጀራና ጠላ ነው፤ ቀን በቀን የሚተሳሰብ ሒሳብ የለም። በዚህም ምክንያት ባሏ የሞተባት ሴትም ሆነች ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ተስፋ የሚያደርጉት በደቦ ነበር። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ጠሪዋ ማንንም ማዘዝ አትችልም፤ የመጣው ሁሉ እንግዳዋ ነውና። ሰነፉ በብዙዎች መካከል ተሸሽጎ ይውልና በማዕድ ጊዜ ከጎበዙ እኩል ይቀርባል።

ይህን ችግር የሚያቃልለው ፉክክሩ ነው። ሠራተኛው በሁለት ወገን ተከፍሎ ማሳውን ከሁለት በኩል ይይዛል። አውራጁ ዜማውን ያወርዳል፤ ተቀባዮቹ ይመልሳሉ፤ ማጭዱም ከዜማው ጋር ይሄዳል። ወደ ኋላ የቀረውን አውራጁ በግጥም ወጋ ያደርገዋል። ሰነፉ ከእንግዲህ የሚያሳፍረው የባለ ማሳዋን ፊት ብቻ አይደለም፤ የራሱን ወገን ነው። ልብ በሉ፦ ያሸነፈው ወገን ከቀልድና ከፉከራ በቀር የሚወስደው ሽልማት የለም። ማታ ሁለቱም ወገኖች ከአንድ ጋን ይጠጣሉ፤ በሌላ ቀን ደቦ ደግሞ አሰላለፉ ይለወጣል። በገና ጨዋታ ዕለትም እንዲሁ ነው፤ ጥንጉን ተከትሎ የሚጋፋው የሁለት መንደር ሰው ከሜዳ ሲወጣ ጎረቤት ነው።

እርግጥ ፉክክር ዋጋ ያስከፍላል። የቸኮለ ማጭድ ዛላ ይጥላል፤ ነዶውም ልል ይሆናል። ልጅ ሳለሁ ባለ ማሳ ከአጫጆች ኋላ እየተከተለ ሲመለከት አይቻለሁ። በዚያ ላይ ከማሳው የቀረው ሁሉ ጠፋ ማለት አልነበረም፤ የድሃ ልጆች ይቃርሙታል።

ፉክክር ከዚህ ሁሉ ተነጥሎ ሲወሰድ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ሶቪየት ኅብረት እንሻገር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1935 አሌክሲ ስታኻኖቭ በዶንባስ በአንድ ፈረቃ 102 ቶን የድንጋይ ከሰል ቆፈረ ተብሎ ታወጀ። ከእርሱ ጋር ሆነው የጉድጓዱን ጣሪያ በእንጨት የደገፉት ሠራተኞች ግን ስማቸው አልገነነም። ክብሩ ለአንድ ሰው ሆነ፤ ቁጥሩም ለሌሎች ሠራተኞች የሥራ መጠን መጨመሪያ ምክንያት ተደረገ። በደቦ ግን የአንድ ሰው ቁጥር አይመዘገብም፤ የዛሬው ድልም የነገ ግዴታ አይሆንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተስፋፋው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ገበሬው በልማት ቡድንና በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ በየበጋው ያለ ክፍያ እርከን ሠርቷል፤ ቡድኖችም ተወዳድረዋል። ሥራው ከንቱ ነበር አልልም፤ የተራቆቱ ኮረብታዎች መልሰው ሣር አብቅለዋል። ነገር ግን ቡድኑ ማታ የሚበተን አልነበረም፤ ዝርዝሩ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል። የቀረ ሰው የሚጠብቀው ግጥም ሳይሆን ቅጣት በሆነበት ቦታ «በፈቃደኝነት» የሚለው ቃል ትርጉሙ ተለውጧል። ከሁሉ በላይ ግን የእርከን ሥራ የሚለካው በሜትር ነው። በግል ማሳ ላይ ከሆነ ባለ መሬቱ ይመለከተዋል። በጋራ ኮረብታ ላይ ግን ከቆፋሪዎቹ ኋላ እየተከተለ የሚያይ ባለ ማሳ የለም፤ ተቻኩሎ የተካበው ድንጋይ በሐምሌ ጎርፍ ሲናድ የዘመቻው ሪፖርት ወደ ወረዳ ከተላከ ወራት አልፈዋል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።