ኮሶ፦ መድኃኒቱ ታወቀ፣ ልኩ ግን አልታወቀም

ዛሬ የምናነበው ስለ ኮሶ ታሪክ ነው።

ኮሶ በደጋ የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው። ወንዴም ሴቴም አለው። እናቶቻችንና አባቶቻችን የሴቴውን ቀላ ያለ አበባ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በውሃ ወይም በጠላ በጥብጠው በባዶ ሆድ ይጠጡት ነበር። ለምን ቢሉ፣ ከጥሬ ሥጋ ጋር ወደ ሆድ የሚገባውን የኮሶ ትል ለማስወጣት ነው። በየሁለት ወሩ የሚጠጣው ሰው ብዙ ነበር። ፊቱን ያጨፈገገ ሰው ስናይ ዛሬም «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» እንል የለ?

ይህ እውቀት ባሕር ተሻገረ። በጎንደር ዘመን አገራችንን የጎበኘው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ኮሶ ጻፈ። በ1822 ደግሞ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም መድኃኒትነቱን በፓሪስ አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች አበባውን በሚዛን ይሰጡት ጀመር።

እኛ ዘንድ መለኪያው እፍኝ ነበር። ግን የማን እፍኝ? የገበሬ እጅና የልጅ እጅ እኩል አይደለም። ሚዛን ቢኖርም ችግሩ አያልቅም፤ አዲሱ አበባ ይበረታል፣ የከረመው ይደክማል። ሲያንስ የትሉ ራስ አንጀት ላይ ተጣብቆ ይቀርና በሁለት ሦስት ወር እንደገና ያድጋል። ሲበዛ ያስታውካል፣ ያስቀምጣል፣ አቅም ያሳጣል። ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል። በኮሶ ምክንያት ዓይናቸው የጠፋ፣ ሕይወታቸው ያለፈም አሉ።

እንግዲህ አያቶቻችን አላዋቂዎች ነበሩ ማለት አይደለም። መድኃኒቱን አግኝተዋል፤ የጎደለው ልኩ ነው። «ታዲያ የማይጎዳው መጠን ስንት ነው?» ትሉ ይሆናል። ቤት ውስጥ ተለክቶ የሚታመን መጠን የለውም። ዛሬ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የሚባሉ ክኒኖች አሉ፤ የጤና ባለሙያው በዕድሜና በክብደት አስልቶ ይሰጣችኋል። ያረገዘች ሴት አስቀድማ ትንገረው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም ራሳችሁ አንብቡት፤ ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው።

ሥጋውን አብስላችሁ ብሉ፤ መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሩ። ከብቱ የሰው ሰገራ የነካው ሣር ካልጋጠ፣ ትሉ መንገድ ያጣል። ደህና ሁኑ።