ምንጩን መልቀቅ ያልፈለገው ሰው



በየቀኑ ስልካችን ላይ ረጅም ጽሑፍ ይደርሰናል። ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ ከየት እንደተወሰደም የለበትም። እዚያ ጋ ተቆርጦ፣ እዚህ ጋ ተጨምሮበት፣ «ለሌሎችም አስተላልፉ» ተብሎ ብቻ ይመጣል። ይህ እንዳይሆን ገና ከ60 ዓመት በፊት የለፋ አንድ አሜሪካዊ አለ። ዛሬ የሱን ታሪክ እናውጋ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቴድ ኔልሰን ይባላል። የተወለደው በ1937 ነው። በ1960 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር የኮምፒውተር ትምህርት ወሰደ። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ማለት ቁጥር የሚደምር፣ ክፍል የሚሞላ ማሽን ነበር። ኔልሰንን ያስጨነቀው ግን ቁጥር ሳይሆን የማስታወሻ ወረቀቱ ነው። ሐሳብ በመጣለት ቁጥር ይጽፋል፤ ወረቀቱም ይከመራል። አንዱ ሐሳብ ለሦስት ጽሑፍ የሚሆን ከሆነ ከየትኛው ክምር ጋር ይቀመጥ? ሦስት ጊዜ ቢገለብጠው ደግሞ አንዱን ሲያርም ሁለቱ ሳይታረሙ ይቀራሉ። መጽሐፍ ለመጻፍ የሞከረ ሰው ይህን ጭንቀት ያውቀዋል።

ከሱ በፊት ቫኔቫር ቡሽ የሚባል ሳይንቲስት በሐምሌ 1945 «አትላንቲክ» መጽሔት ላይ «ሜሜክስ» ስለተባለ ጠረጴዛ ጽፎ ነበር። መጻሕፍትና ማስታወሻዎች በጥቃቅን ፊልም ይቀመጡበታል፤ ባለቤቱም አንዱን ከሌላው እያያያዘ መንገድ ያበጅላቸዋል። ጠረጴዛው ግን አልተሠራም።

ኔልሰን ሐሳቡን ወደ ኮምፒውተር አመጣው። በ1965 ባቀረበው ጥናት «ሃይፐርቴክስት» የሚለውን ቃል ለዓለም አስተዋወቀ፤ ኋላ ላይ ሥራውን «ዛናዱ» ብሎ ሰየመው። ዋናው ነገር እንዲህ ነው፦ ጽሑፍ አይገለበጥም። ከሌላ ሰው አንድ አንቀጽ ስትወስድ፣ አንቀጹ ካለበት ሳይነሳ አንተ ጽሑፍ ውስጥም ይታያል። አንባቢው ከፈለገ ወደ ምንጩ ይሄዳል፤ ጸሐፊውም ትንሽ ክፍያ ይደርሰዋል። ሊንኩ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ማን እንደጠቀሰህ አንተም ታያለህ። የድሮው ረቂቅ ከአዲሱ ጎን ቆሞ ምን እንደተቀየረ ያሳያል። በኪታብ ጠርዝ ላይ ሐሺያ እየጻፍን፣ «ማን ነው ያለው?» እየተባልን ለቀራን ደረሶች ነገሩ እንግዳ አይደለም።

በ1967 ብራውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከአንድሪስ ቫን ዳም ጋር አንድ ሥርዓት ሠሩ። ናሳ የአፖሎን ሰነዶች ለማዘጋጀት ተጠቅሞበታል። ኔልሰን ግን አልተደሰተም፤ በወረቀት ማተም ላይ አተኮረ ብሎ ተከፋ። «ኮፒ» እና «ፔስት» የሚባሉትንም ይነቅፋል። የድሮ ጸሐፊ ወረቀቱን በመቀስ ቆርጦ ወለል ላይ ሲዘረጋ ሁሉን አንድ ላይ ያያል፤ ኮምፒውተሩ ግን የቆረጥከውን ይደብቅብሃል ይላል።

እዚህ ላይ እሱንም መውቀስ አለብን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካልሠራሁ እያለ ዓመታት አለፉ። አውቶዴስክ የተባለው ድርጅት በ1988 ገንዘብ አፍስሶ ጀመረ፤ በ1992 ተወው። እዚያው መሃል ቲም በርነርስ ሊ ዌብን አመጣ። የዌብ ሊንክ አንድ አቅጣጫ ብቻ አለው፤ የተጠቀሰው ገጽ ቢጠፋም ጠቃሹ አያውቅም። ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ ገጽ መክፈት ስለሚቻል ዓለምን አዳረሰ። የዛሬው ባለቤት አልባ ጽሑፍ የዚያ ቅለት ዋጋ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ኪት ብላውንት የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ ያን ያህል አላለመም። ለልብ ወለዱ የሚመች ፕሮግራም ሲያጣ ኮድ መጻፍ ራሱን አስተምሮ በ2007 «ስክሪቭነርን» አወጣ። ምዕራፎቹ በሰሌዳ ላይ እንደተለጠፉ ካርዶች ይታያሉ፤ እያነሱ ቦታ መቀያየር ነው። ምንጭን የማሰር ነገር አላስጨነቀውም፤ ደራሲዎች ግን መጽሐፋቸውን ጨረሱበት።

የኔልሰን ዛናዱስ? በ2014፣ ከ54 ዓመት በኋላ፣ በኢንተርኔት የሚታይ አንድ ናሙና ወጣ። ዋናው ጽሑፍና ምንጮቹ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ጥቅስም ከመጣበት ቦታ ጋር በመስመር ታስሯል።