ሳይነበብ የተፈረመ

የባንክ ጸሐፊ ነኝ። ከመስኮቴ ወዲያ ቆመው ከሚያልፉ ሰዎች ፊት ይልቅ ፊርማቸውን አስታውሳለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንዳንዱ ደንበኛ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ ያልገባውን ጠይቆ፣ ከዚያ ብዕሩን ያነሣል። አንዳንዱ ደግሞ «የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ባልና ሚስት ሆነው የመጡ እንደሆነ ደግሞ አዘውትሬ የማየው ነገር አለ፤ ባል ጣቱን ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል፣ ሚስትም ጣቱ ባረፈበት ትፈርማለች።

እንዲህ ያለ ፊርማ ባየሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ አንዲት አሜሪካዊት ተዋናይትና ዘፋኝ ናት፤ ዶሪስ ዴይ። ውድ አንባብያን፣ ብዙዎቻችሁ ድምፅዋን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ስለ ዕጣ ፈንታ የምትዘፍነው «ኬ ሴራ ሴራ» የተሰኘው ዜማ ከአገር አገር የዞረ ነውና። ከዜማው በስተጀርባ ስላለው የሒሳብ መዝገብ ግን ብዙም ሲወራ አልሰማሁም። እነሆ ዛሬ እርሱን ላውጋችሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዶሪስ ሜሪ አን ካፕልሆፍ የተወለደችው በ1922 በኦሃዮ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ከተማ ነው። አባቷ የሙዚቃ መምህር ነበር። የልጅነት ሕልሟ ግን ዘፈንም ትወናም አልነበረም፤ ዳንሰኛ መሆን ነበር። በ1937፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ የተሳፈረችበት መኪና ከባቡር ጋር ተጋጭቶ እግሯ ክፉኛ ተሰበረ፤ የዳንሱም ነገር በዚያው አበቃ። አልጋ ላይ በዋለችባቸው ወራት ጓደኛዋ ሬዲዮ ነበር። ከሁሉ አብልጣ የኤላ ፊትዝጄራልድን ድምፅ እየተከተለች፣ ቃላቱን እንዴት እንደምታወጣቸው እያጠናች ታንጎራጉር ነበር። ባቡሩ እግሯን ቢነሣት ድምፅዋን እንድታገኘው ምክንያት ሆነ።

የመጀመሪያው የባንድ መሪዋ ባርኒ ራፕ «ካፕልሆፍ» የሚለው ስም ለማስታወቂያ ረዘመበትና ትዘፍነው ከነበረ አንድ ዘፈን ርእስ ቆርጦ «ዴይ» አላት። ከዚያ ወደ ሌስ ብራውን ባንድ ተሻገረች። በ1945 ከዚሁ ባንድ ጋር የተጫወተችው «ሴንቲሜንታል ጀርኒ» የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሚያበቃበት ወራት ወጣ። ዘፈኑ ስለ ወደ ቤት መመለስ ነበርና ከግንባር የሚመለሰው ወታደር ሁሉ የራሱ አደረገው። የዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነው፤ የሚደበድባትን የመጀመሪያ ባሏን ፈትታ አንድ ወንድ ልጅ የምታሳድግ እናትም ነበረች።

በ1948 ማይክል ከርቲዝ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ፊልሟ ወጣ። ከዚያ በኋላ እስከ 1968 ባሉት ሃያ ዓመታት ሠላሳ ዘጠኝ ፊልሞች ሠርታለች። በ1953 በ«ካላሚቲ ጄን» ፊልም ውስጥ የዘፈነችው «ሲክሬት ላቭ» ኦስካር ተሸለመ። በ1960፣ በ1962፣ በ1963ና በ1964 የሲኒማ ቤት ባለቤቶች በሚሰጡት ድምፅ ብዙ ተመልካች በመሳብ ከአሜሪካ ተዋንያን ሁሉ አንደኛ ሆና ተቆጥራለች፤ ወንዶቹንም ጨምሮ ማለት ነው።

ከእነዚህ ፊልሞች ሁለቱን ዛሬ ላይ ሆኖ ያየ ሰው ልቡ መከፋቱ አይቀርም። በ1955 በወጣው «ውደደኝ ወይ ተወኝ» በተሰኘው ፊልም የሩት ኤቲንግን እውነተኛ ታሪክ ተጫወተች። ሩት ኤቲንግ ዝነኛ ዘፋኝ ነበረች፤ ሥራዋንና ኑሮዋን ግን አንቆ የያዘው ባሏም አስተዳዳሪዋም የሆነ ሰው ነበር። የዚያ ሰው ስም ማርቲን ስናይደር ነው። ዶሪስ ዴይ ይህን ስትተውን ማርቲን ሜልቸር የተባለውን፣ ባሏም አስተዳዳሪዋም የሆነውን ሰው ካገባች አራት ዓመት አልፏታል።

በማግሥቱ ዓመት አልፍሬድ ሂችኮክ «ከልክ በላይ ያወቀው ሰው» በተሰኘው ፊልሙ ውስጥ መድረክን ትታ የሐኪም ሚስት የሆነች ዘፋኝ አድርጎ አሠራት። ልጇን ወንበዴዎች ይሰርቁባታል። በፊልሙ መጨረሻ ላይ በአንድ ኤምባሲ አዳራሽ ፒያኖ ፊት ተቀምጣ፣ ፎቅ ላይ የታገተው ልጇ እንዲሰማት ከእንግዶቹ ወግና ሥርዓት በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትዘፍናለች። ዘፈኑ «ኬ ሴራ ሴራ» ነው። ልጁም ከላይ በፉጨት ይመልስላታል። ይህን ዘፈን መጀመሪያ ሲሰጧት የልጆች ነው ብላ ንቃው ነበር ይባላል። ዘፈኑ ግን ኦስካር አገኘ፤ ዕድሜ ልኳንም አብሯት ኖረ።

ሐያስያን ብዙ ጊዜ ይሳለቁባት ነበር፤ ነውር የማያውቃት፣ ከልክ በላይ ንጹሕ እያሉ። እኔ ግን ሌላ ነገር አያለሁ። የኦስካር እጩ ባደረጋት በ1959ኙ «ፒሎው ቶክ» የቤት ውስጥ ማስዋብ ባለሙያ ናት። በ1961ዱ «ላቨር ካም ባክ» ደግሞ የማስታወቂያ ሥራ ኃላፊ ናት። የራሷን እንጀራ የምትጋግር፣ ነገሩ ሲያጠራጥራት የምትመረምር፣ ወንድ ሊያታልላት ሲሞክር ደርሳበት የምታፋጥጥ ሴት ናት። ያቺ በፊልም ያለችው ሴት ግን ቤት ስትገባ የሚቀርብላትን ወረቀት ሁሉ በእምነት ትፈርም ነበር።

ማርቲን ሜልቸር በሚያዝያ 1968 በድንገት ሞተ። ሐዘኑ ሳይወጣላት መዝገቡ ተገለጠ። ባሏና ጄሮም ሮዘንታል የተባለው ጠበቃ ሃያ ዓመት የለፋችበትን ገንዘብ በነዳጅ ጉድጓድና በሆቴል ንግድ ጨርሰውታል፤ ወደ ሃያ ሚሊዮን ዶላር የሚገመት። የቀራት ዕዳ ብቻ ሆነ። በዚያ ላይ ባሏ ሳያማክራት፣ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ቃል ገብቶባት ኖሯል። ያልፈለገችውን ሥራ፣ ያላነበበችውን ውል ለመክፈል ከመስከረም 1968 እስከ 1973 ለአምስት የውድድር ዘመን ያህል ሳታቋርጥ ሠራች። የፕሮግራሙ መግቢያ ዜማ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ያው «ኬ ሴራ ሴራ» ነው።

እዚህ ላይ ነው የዚህች ሴት ታላቅነት የሚታየኝ። በየሳምንቱ ስለ ዕጣ እየዘፈነች፣ በጎን ደግሞ ጠበቃውን ከስሳ ፍርድ ቤት ትመላለስ ነበር። ዘፈኑን ለተመልካቹ ሰጠች፣ መዝገቡን ግን ለዕጣ አልተወችውም። በ1974 ፍርድ ቤቱ ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈላት ፈረደላት። በመጨረሻ በስምምነት እጇ የገባው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ጠበቃውም በ1987 ከጥብቅና ሙያው ተባረረ። ስለ ባሏ ግን፣ ሆን ብሎ ያጠፋ ሰው አልነበረም፣ የማይታመን ሰው አመነ እንጂ ብላ እስከ መጨረሻው ተከራክራለታለች። ልክ ትሁን አትሁን እኔ አልፈርድም። ነገር ግን አንድ ነገር አሰብኩ፤ እርሱም እንደ እርሷ ሳያነብ ከፈረመ፣ እርሷን የጎዳት ያው የእርሷ በሽታ ነበር ማለት ነው።

ከ1973 በኋላ ከትወናው ዓለም ራቀች። በካሊፎርኒያ፣ በካርሜል መንደር ተቀምጣ የተጣሉ ውሾችንና ድመቶችን ስትሰበስብ ኖረች፤ በ1978ም ለእንስሳት የሚቆም ድርጅት መሠረተች። በ2004 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነፃነት ሜዳይ ሲሸልሟት አውሮፕላን ትፈራ ነበርና ለመቀበል አልሄደችም። በ2011፣ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ቀድማ የቀዳቻቸው ዘፈኖች «ማይ ሃርት» በሚል አልበም ወጥተው በእንግሊዝ ከአሥሩ ቀዳሚዎች ተርታ ገቡ።

በ2017 ደግሞ አንድ ጋዜጠኛ የልደት ምስክር ወረቀቷን ፈልጎ አገኘ። ሰው ሁሉ ዘጠና ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው ሲል፣ ወረቀቱ ዘጠና አምስት ብሎ መሰከረ። የራሷ ዕድሜ እንኳ ከዚያች ሴት ተሰውሮ በወረቀት ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ግንቦት 13 ቀን 2019 በዘጠና ሰባት ዓመቷ አረፈች። በኑዛዜዋ መሠረት የቀብር ሥነ ሥርዓት አልተደረገላትም፣ ስሟ የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይም አልቆመላትም። ይህቺኛዋን ቃሏን እንኳ እንደ ቃሏ ፈጸሙላት።

እኛ ዘንድ «የሚሆን አይቀርም» ማለት የተለመደ ነው፤ ለሐዘንተኛም መጽናኛ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ዕጣ የምንለው ብዙው ነገር በሰው እጅ ተጽፎ፣ በሰው ማኅተም ተመትቶ ነው ወደ መስኮቴ የሚመጣው። ትናንት አንዲት እናት ወረቀቱን ወደ እኔ መልሰው «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ አንብብልኝ» አሉኝ። ከኋላቸው ሰልፍ ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ይህችን አራት ስንኝ የጻፍኳት ማታ ቤቴ ገብቼ ነው።

ዕጣዬ ነው አትበይ፣ ዕጣ አይጽፍም ውል፤
ብዕር የያዘ ነው፣ ሰውን የሚያታልል።
ውደጂው፣ እመኚው፣ ልብሽ ካስተዋለ፤
ግን አንብቢ እህቴ፣ ውሉ ምን እንዳለ።

ቸር ይግጠመን።