ከላም ነቀርሳ እስከ ካንሰር ሕክምና፦ የቀዶ ሐኪሙ አልቫሮ ሞራሌስ የምርምር ጉዞ

አልቫሮ ሞራሌስ በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ ኪንግስተን ከተማ በሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ያገለገሉ ትውልደ ኮሎምቢያዊ የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪምና ተመራማሪ ናቸው። በሕክምና ታሪክ ስማቸው የሚነሣው ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የተዘጋጀው የቢሲጂ ክትባት የሽንት ፊኛ ካንሰርን እንዲያክም በማድረጋቸው ነው።

የችግሩ መነሻ

የሽንት ፊኛ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በፊኛው የውስጥ ሽፋን ላይ ነው። በዚህ ደረጃ ሐኪሞች በሽንት መውጫ በኩል በሚገባ መሣሪያ ዕጢውን ቆርጠው ያወጡታል። ይሁን እንጂ ዕጢው ደጋግሞ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ወደ ፊኛው ጡንቻ ሥር ይሰድዳል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው ፊኛውን በሙሉ በቀዶ ሕክምና ሊያጣ ይችላል። ሞራሌስ መልስ የፈለጉለት ጥያቄ፣ ከቀዶ ሕክምና የተረፈውን የካንሰር ሕዋስ የሰውነት የራሱ መከላከያ ሊያጠፋው ይችላል ወይ የሚል ነበር።

ክትባቱ ከየት መጣ?

የቢሲጂ ታሪክ ከከብት ጋር የተያያዘ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አልቤር ካልሜትና የእንስሳት ሐኪሙ ካሚ ጌራን ላሞችን የሚያጠቃውን የነቀርሳ ባክቴሪያ ወስደው፣ እ.ኤ.አ ከ1908 ጀምሮ ለ13 ዓመታት ሐሞትና ግሊሰሪን በተጨመረበት ድንች ላይ 230 ጊዜ ያህል እያዛወሩ አራቡት። ባክቴሪያው በሽታ የማምጣት ኃይሉን አጣ፤ የሰውነትን መከላከያ የማንቃት ኃይሉ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። በኢትዮጵያ ሕፃናት እንደተወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚወስዱት ክትባትም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ በ1929 አሜሪካዊው ተመራማሪ ሬይመንድ ፐርል የአስከሬን ምርመራ መዝገቦችን አገላብጠው፣ ነቀርሳ የነበረባቸው ሰዎች በካንሰር የመያዛቸው መጠን አነስተኛ መሆኑን አስተውለው ነበር። ሐሳቡ ግን ለዐሥርት ዓመታት በሰፊው በተግባር ሳይውል ቆየ።

ዘጠኝ ሕመምተኞች

ሞራሌስ ከባልደረቦቻቸው ኤይዲንገርና ብሩስ ጋር ዘጠኝ ሕመምተኞችን አከሙ። ክትባቱን በፈሳሽ በጥብጠው በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ አስገቡ፤ ሕመምተኛውም ሳይሸና ለሁለት ሰዓት ያህል እንዲይዘው አደረጉ። ሕክምናው በሳምንት አንድ ጊዜ ለስድስት ሳምንታት ተሰጠ። የስድስቱ ምክንያት ቀላል ነበር፦ ክትባቱ የሚመጣው ስድስት ብልቃጥ በያዘ እሽግ ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲሆን የተወሰነውም የሚያስከትለው ሕመም ሳምንት ሳይሞላ ስለሚበርድ ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ በ1976 ታተመ፤ የዕጢው መመለስ በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ሆኖም በባክቴሪያ ካንሰርን ማከም ያለፈበት ሐሳብ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ሥራውን ለማስፋት የጠየቁት የምርምር ገንዘብ በመጀመሪያ ተከለከላቸው። በኋላ ዴቪድ ላምን የመሳሰሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሕመምተኞችን በዕጣ መድበው ባደረጉት ጥናት ውጤቱን አረጋገጡ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ በ1990 ሕክምናውን አጸደቀ። የስድስት ሳምንቱ ሥርዓት ዛሬም ይሠራበታል።

በኩላሊት ካንሰር ላይስ?

ሞራሌስ ቢሲጂን በኩላሊት ካንሰር ላይም ሞክረው በዚያው በ1976 ጽፈዋል። ይህ ጥረት ግን እንደ ፊኛው ሁሉ መደበኛ ሕክምና ለመሆን አልበቃም። በፊኛ ውስጥ ባክቴሪያው በቀጥታ ዕጢው ያለበትን ሽፋን ያገኛል፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨን የኩላሊት ካንሰር ግን እንዲህ ባለ መንገድ መድረስ አይቻልም።

ገደቡና ጥንቃቄው

ሕክምናው የሚያገለግለው ወደ ጡንቻ ላልዘለቀ የፊኛ ካንሰር ነው። ሽንት ሲሸና ማቃጠልና ትኩሳት ያስከትላል፤ አልፎ አልፎም ባክቴሪያው በሰውነት ሊሰራጭ ይችላል። ስለዚህ የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች አይመከርም። ባክቴሪያው በዝግታ የሚራባ በመሆኑ ምርቱን በፍጥነት ማሳደግ አይቻልም፤ ከአምራቾቹ አንዱ እ.ኤ.አ በ2017 ሥራውን ካቆመ ወዲህ እጥረቱ በበርካታ አገራት ተከስቷል።

የፊኛ ካንሰር ዋነኛ አጋላጭ ሲጋራ ማጨስ ሲሆን፣ የተለመደው የመጀመሪያ ምልክቱ ሕመም የሌለው ደም በሽንት ውስጥ መታየቱ ነው። ደሙ አንድ ጊዜ ታይቶ ቢጠፋ እንኳ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ መመርመር ያስፈልጋል፤ የሞራሌስ ሕክምና የሚጠቅመው በሽታው በጊዜ ሲደረስበት ነውና።