በካታማራን ውድድር የመሣሪያ ደንብ ለውጥና የሚያስከትለው ወጪ

ካታማራን ሁለት ቀጫጭን አካላቱ ጎን ለጎን በአግዳሚ ዘንጎች የተያያዙ የሸራ ጀልባ ነው። «አንድ ወጥ ንድፍ» በሚባለው የውድድር ዘርፍ ተወዳዳሪዎች የሚቀርቡት በመጠንና በሸራ ስፋት ተመሳሳይ በሆኑ ጀልባዎች ሲሆን፣ ዓላማውም አሸናፊው በገንዘብ አቅም ሳይሆን በችሎታ እንዲለይ ማድረግ ነው። በመሆኑም የአንድ ሸራ ጉዳይ የሚመስል የደንብ ለውጥ የውድድሩን ፍትሐዊነት በቀጥታ ይነካል።

ለዚህ ዋነኛው ማሳያ ቶርናዶ ነው። እ.ኤ.አ በ1967 እንግሊዛዊው ሮድኒ ማርች የነደፈው ይህ 6.1 ሜትር ርዝመት ያለው ጀልባ ከ1976 እስከ 2008 የኦሊምፒክ መወዳደሪያ ሆኖ አገልግሏል። እስከ ሲድኒ 2000 ድረስ ከሁለቱ ተወዳዳሪዎች ከምሰሶው በሚወርድ ሽቦ ተንጠልጥሎ ሚዛን የሚጠብቀው አንዱ ብቻ ነበር። ከሲድኒ በኋላ ሁለቱም እንዲንጠለጠሉ የተፈቀደ ሲሆን፣ ንፋስ ከኋላ ሲመጣ የሚዘረጋ ጄናከር የተባለ ሰፊ የፊት ሸራም ተጨምሯል። ኦስትሪያውያኑ ሮማን ሃጋራና ሃንስ ፒተር ሽታይናከር በሲድኒ በቀድሞው፣ በአቴንስ 2004 ደግሞ በአዲሱ ደንብ ወርቅ ማግኘታቸው ይታወሳል። ለውጡ ብልጫ ያላቸውን ከቦታቸው አላነሳም ማለት ነው፤ ሆኖም አዲሱን ሸራ ያልገዛ ተወዳዳሪ በእኩልነት መቅረብ አይችልም ነበር።

ደንብ የሸራን ልክ ሲወስን አጠቃቀሙን ላይወስን ይችላል። በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ በቺንግዳኦ በተካሄደው ውድድር የአሜሪካ ተወዳዳሪዎች ቀላል ንፋስ ይኖራል በሚል ግምት ጄናከራቸውን ወደ ንፋሱ አቅጣጫ ለመጓዝም እንዲያገለግል ጠፍጣፋ አድርገው አሠርተው ቀርበዋል። ልኩ ከደንቡ አልወጣም፤ ሜዳሊያ ግን አላስገኘላቸውም።

ከወጪ ይልቅ ሕይወትን ያስቀደመ ለውጥም አለ። አሜሪካዊው ሆቢ አልተር በሠራው ሆቢ 16 ጀልባ ላይ የአሉሚኒየም ምሰሶው የኤሌክትሪክ መስመር በመንካቱ የሞት አደጋዎች ደርሰው ነበር። በዚህም ምክንያት በ1980ዎቹ የምሰሶው የላይኛው ክፍል ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ቁስ እንዲሠራ ተደርጓል። በዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ስለ ዋጋ መከራከር የሚያስኬድ አይሆንም።

ካታማራን ከለንደን 2012 ውጭ ከሆነ በኋላ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰው አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሚቀዝፉት ሳይሆን በንፋስ በሚያሽከረክሩት ናክራ 17 አማካይነት፣ በሪዮ 2016 ነው። ከሪዮ በኋላ ጀልባውን ከውኃው በላይ የሚያነሱ የውኃ ውስጥ ክንፎች ስለተገጠሙለት ብሔራዊ ቡድኖች ጀልባቸውን ማስለወጥ ወይም አዲስ መግዛት ግድ ሆኖባቸዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር አደጋውም ጨምሯል፤ በ2017 በፈረንሳይ ላ ግራንድ ሞት በልምምድ ላይ ጀልባው የተገለበጠበት አንድ ተወዳዳሪ በጣቶቹ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። ጣሊያናውያኑ ሩጄሮ ቲታና ካተሪና ባንቲ በዚሁ በተለወጠው ጀልባ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክና በፓሪስ 2024 በተከታታይ አሸንፈዋል።